ጎንደርና ያልደረሰላት የእንፋሎት ባቡር



ስለ ጎንደር ታሪክ የሚናገር ሰው ወትሮ የሚጀምረው ከዐፄ ፋሲል ግንብ ነው። እኛ ግን ዛሬ የምንናገረው ስለ ድንጋይና ስለ ኖራ ሳይሆን ስለ ብረትና ስለ እንፋሎት ነውና ነገሩን ከጣና ባሕር ዳር እንጀምረዋለን። በጎንደር ደጋ ሐዲድ ተዘርግቶ፥ ባቡር ጮሆ አያውቅም፤ ታዲያ ስለ እንፋሎት ባቡር ለጎንደር ሰው መናገር ምን ይረባል የሚል ጠያቂ ሊነሣ ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ከኢትዮጵያ ነገሥታት መካከል የእንፋሎትን ኀይል አስቀድመው አጥብቀው ከፈለጉት አንዱ የቋራው ካሣ፥ ዐፄ ቴዎድሮስ እንደ ነበሩ፤ ወደ ቀይ ባሕር ዳርቻችን የመጣው የመጀመሪያው ባቡርም የመጣው እርሳቸውን ለመውጋት እንደ ነበረ ያስተዋለ ሰው ነገሩ ከጎንደር የራቀ ሆኖ አያገኘውም።

በ1858 ዓ.ም. የእንግሊዝ መንግሥት መልእክተኛ ሆርሙዝድ ራሳምና አብሯቸው የነበሩት ሐኪም ሄንሪ ብላንክ በጣና ዳር በንጉሠ ነገሥቱ ሰፈር አጠገብ ሰንብተው ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ በዚያን ጊዜ ስለ እንፋሎት መርከብ የሰሙትን በራሳቸው ብልሐት ለመፈተን ተነሡ። ብረት አልነበረም፤ ማፍሊያ ጋን አልነበረም፤ የነበረው የባሕሩ ደንገል ነው። ስለዚህ ከደንገል ትልልቅ ታንኳ አሠርተው፥ በጎኑ መቅዘፊያ የተሰካበት ትልቅ መንኰራኩር አስገጠሙለት፤ መንኰራኩሩንም ሰዎች እንደ መሣያ ድንጋይ በእጅ መዘውር እያዞሩ ታንኳው እንዲሄድ አደረጉ። ብላንክ ይህን በመጽሐፋቸው ሲያወሩ ጥቂት ፈገግታ አለባቸው። እኔ ግን የሚያስቅ ነገር አላገኘሁበትም። ንጉሡ የመርከቡን አካሄድ ተረድተውታል፤ ያጡት መንኰራኩሩን የሚያዞረውን እንፋሎት ብቻ ነው።

ያጡትንም በስሙ ጠርተው ጠየቁ። በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር ፍላድ የተባለውን ጀርመናዊ ሚስዮናዊ ወደ እንግሊዝ አገር ሲልኩት፥ እንዲመጣላቸው ከተጠየቀው መካከል ጠመንጃ ሠሪዎች፥ ብረት አቅላጭ፥ ጀልባ ሠሪ፥ የሠረገላና የመንኰራኩር ሠራተኛ፥ ከዚህም ጋር ለብረት ማቅለጫ የሚሆን አንድ ትንሽ የእንፋሎት መኪና ይገኝበት ነበር። የእንግሊዝ መንግሥት ሠራተኞቹን ቀጥሮ እስከ ምፅዋ አደረሳቸው። ነገር ግን እስረኞቹ አስቀድመው ካልተፈቱ ሠራተኞቹ ወደ መሀል አገር አይወጡም ተባለ፤ ዐፄ ቴዎድሮስም ሠራተኞቹ ሳይመጡ እስረኞቹን አልለቅም አሉ። በዚህ ክርክር ዓመት አለፈ፤ ሠራተኞቹም በ1859 ዓ.ም. ከምፅዋ ወደ አገራቸው ተመለሱ። ታሪካችን ስለ ደብዳቤው መልስ መዘግየት ብዙ ይናገራል፤ በምፅዋ ሙቀት ቆይተው ስለ ተመለሱት ስለ እነዚያ ብረት ሠራተኞች ግን እምብዛም አያነሣም።

ከዚህ በኋላ እንፋሎቱ መጣ፤ የመጣው ግን በሌላ መንገድ ነው። ጀኔራል ናፒየር ከሕንድ ያመጡት ጦር በዙላ ባሕረ ሰላጤ ሲወርድ፥ የተዋጊው ቍጥር 13 ሺሕ ያህል፥ የአገልጋዩና የጋማው ከብት ቍጥር ከዚያ እጅግ የበዛ፥ ከእነርሱም ጋር 44 ዝሆኖች ነበሩ። ለዚህ ሁሉ የሚሆነውን ስንቅ ከባሕሩ ዳር እስከ ተራራው ግርጌ እስከ ኩመይሌ ለማድረስ በ1860 ዓ.ም. ሐዲድ መዘርጋት ተጀመረ። የሐዲዱ ርዝመት ከ20 ኪሎ ሜትር አይበልጥም። ስፋቱም የሕንዱ ሰፊ ሐዲድ ልክ፥ ማለት 167 ሴንቲ ሜትር ከግማሽ ያህል ነበረ። ሥራውን ያዩ መኰንኖች እንደ ጻፉት፥ ከሕንድ የተላኩት ሐዲዶች ዓይነታቸው የተለያየና ያገለገሉ ስለ ነበሩ አንዱን ከሌላው ማጋጠም አድካሚ ሆነ፤ ሳቢዎቹም ባቡሮች የተዳከሙ ነበሩ። ጦሩ ወደ መቅደላ የዘለቀው በባቡር ሳይሆን በበቅሎና በዝሆን ነው።

በዚያው ወራት ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ያሠሩትን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ይጎትቱ ነበር። መድፉ ወደ 7 ቶን የሚጠጋ ነው። ገደሉን እየናዱ፥ በጂዳና በበሽሎ ሸለቆ መንገድ እያበጁ፥ ራሳቸውም ድንጋይ እያነሡ፥ ስድስት ወር ያህል ፈጀባቸው። እንግዲህ አድማጮች ሁለቱን አስተያዩ፤ በአንድ በኩል በሜዳ ላይ የተዘረጋ አጭር ሐዲድና ያረጀ ባቡር፥ በሌላው በኩል በደጋው ገደል ላይ በሰው ትከሻ የወጣ መድፍ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በመቅደላ ሞቱ፤ ጦሩም ሲመለስ ሐዲዱ ተነቅሎ በመርከብ ሄደ። መድፉ ግን እስከ ዛሬ በመቅደላ አምባ ላይ አለ።

ባቡር የሚለው ቃል ራሱ ትርጓሜው እንፋሎት ነው፤ ፈረንሳዮች ቫፐር፥ ኢጣሊያኖች ቫፖሬ የሚሉት ነው፤ ወደ እኛ የመጣውም በዐረቦች አፍ አልፎ ነው። ስለዚህም ሕዝባችን ስሙን ለሐዲድ ባቡር ብቻ አልሰጠውም። አርመናዊው ሠርኪስ ቴርዚያን በ1890ዎቹ ዓመታት ወደ አዲስ አበባ ያስመጣው የመንገድ መዳመጫ መኪና የሠርኪስ ባቡር ተባለ። በሰሜኑም አገራችን በብዙ ስፍራ በሞተር የሚሠራው የእህል ወፍጮ ባቡር ይባላል። ሐዲድ አይቶ የማያውቅ የደምቢያ ገበሬ እህሉን ባቡር ቤት ወስዶ ያስፈጫል ማለት ነው።

ስለ ጅቡቲው መሥመር ብዙ ጊዜ ስለ ተነገረ እዚህ ባጭሩ እናልፈዋለን። ዳግማዊ ምኒልክ ለስዊሱ ተወላጅ ለአልፍሬድ ኢልግ በመጋቢት 1886 ዓ.ም. ፈቃድ ሰጡ፤ ሥራው በ1890 ዓ.ም. በጅቡቲ ተጀምሮ በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ድሬ ዳዋ ደረሰ። ከዚያ በኋላ ኩባንያው ገንዘብ አጥቶ ወደቀ፤ ሌላ ኩባንያ ተተክቶ ሐዲዱ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር ያህል፥ ስፋቱም 1 ሜትር ነው። ከሳቢዎቹ የእንፋሎት ባቡሮች መካከል በስዊስ አገር በዊንተርቱር ከተማ የተሠሩ ይገኙባቸዋል። ሐዲዱ ጠባብ የሆነበት ምክንያት ለማንም ግልጥ ነው፤ ጠባብ ሐዲድ በጠባብ ማዕዘን ይዞራል፤ የሚቈረጠው ተራራ ያንሳል፤ ድልድዩ ይቀላል፤ ወጪውም በዚያው መጠን ይቀንሳል። ነገር ግን በዚያ በረሓ ለእንፋሎት ባቡር ትልቁ ጠላት ተራራው አልነበረም፤ ውኃው ነው። ጥቂት ነበረ፤ ያለውም ጨውና ኖራ የበዛበት ስለ ሆነ በማፍሊያው ውስጥ እንደ ድንጋይ ይጋገር ነበር። ከ1940ዎቹ ዓመታት ጀምሮ የናፍጣ ባቡሮች እየመጡ የእንፋሎቶቹን ቦታ የወሰዱትም አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ለጎንደር ቅርብ የነበረው ግን የጅቡቲው ሐዲድ አይደለም። የቀረባት የሰሜኑ፥ ኢጣሊያኖች በኤርትራ የዘረጉት ነው። ኢጣሊያኖች ከዶጋሊ ውጊያ በኋላ ከምፅዋ እስከ ሰሐጢ በ1880 ዓ.ም. የዘረጉትን አጭር የጦር ሐዲድ እያራዘሙ፥ ተራራውን በብዙ ዋሻና ድልድይ እየበሱ በ1904 ዓ.ም. አሥመራ አደረሱት። ከምፅዋ እስከ አሥመራ ያለው ርቀት 118 ኪሎ ሜትር ሲሆን፥ ባቡሩ በዚህ ውስጥ ከባሕር ጠለል ተነሥቶ ከ2 ሺሕ 300 ሜትር በላይ ይወጣል። ከዚያም ሐዲዱ ወደ ከረን፥ ወደ አቆርዳት፥ በ1924 ዓ.ም. ገደማም እስከ ቢሻ ዘለቀ። ሐሳቡ እስከ ተሰነይ ሄዶ የሱዳንንና የሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያን ንግድ ወደ ምፅዋ ለመሳብ ነበር። ይህ ንግድ ደግሞ በአብዛኛው የጎንደር ሲራራ ነጋዴ በበቅሎና በግመል የሚያመላልሰው ነው።

የዚህ ሐዲድ ስፋት 95 ሴንቲ ሜትር ነው። ቍጥሩ ለሰሚው እንግዳ ይመስላል። የኢጣሊያ ሕግ ጠባቡ ሐዲድ 1 ሜትር ይሁን ብሎ ሲወስን ልኩን ያሰበው ከአንዱ ብረት አናት መካከል እስከ ሌላው ብረት አናት መካከል ነበር፤ ሌላው ዓለም እንደሚለካው በውስጥ በኩል ሲለካ ግን 95 ሴንቲ ሜትር ብቻ ሆኖ ይገኛል። ከድንበሩ ማዶ እንግሊዞች በሱዳን የዘረጉት ደግሞ 106 ሴንቲ ሜትር ከ7 ሚሊ ሜትር ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ እንግሊዞች የሱዳኑን ሐዲድ ከከሰላ እስከ ተሰነይ አስገቡት። የኢጣሊያው ሐዲድ ቢሻ ላይ ቆሞ፥ የእንግሊዙ ተሰነይ ላይ ቆሞ ተያዩ፤ ቢገናኙም ኖሮ የአንዱ ባቡር በሌላው ሐዲድ ሊሄድ አይችልም ነበር።

በአሥመራ ተራራ ላይ የሠሩት ሳቢዎች ስለ አሠራራቸው ጥቂት ሊባልላቸው ይገባል። ብዙዎቹ ጄኖቫ ውስጥ የነበረው የአንሳልዶ ፋብሪካ የሠራቸው፥ የማሌ ዓይነት የሚባሉት ናቸው፤ የመጨረሻዎቹ በ1930 ዓ.ም. ገደማ የተሠሩ ናቸው። አናቶል ማሌ በስዊስ አገር የተወለደ መሐንዲስ ሲሆን ይህን ብልሐት በ1876 ዓ.ም. ፈለሰመ። ባቡሩ ሁለት ጥንድ የመንኰራኩር ክፍል አለው፤ የኋለኛው ከማፍሊያው ጋር የተጣበቀ ነው፤ የፊተኛው ግን በመታጠፊያ የተያያዘ ስለ ሆነ በጠመዝማዛው ላይ ሐዲዱን ተከትሎ ይዞራል። እንፋሎቱም አንድ ጊዜ ሠርቶ አይጣልም። ከማፍሊያው እንደ ወጣ በኋለኞቹ ጠባብ ሲሊንደሮች ገብቶ ፒስቶኑን ይገፋል፤ ኀይሉ ከቀነሰ በኋላ ወደ ፊተኞቹ ሰፋፊ ሲሊንደሮች ተላልፎ ዳግመኛ ይሠራል። የቤት እመቤቶቻችን ጠላው ከተቀዳ በኋላ ውኃ ጨምረው ቅራሪ እንደሚያወጡበት ያለ ነው። በዚህ ብልሐት ማገዶውም ውኃውም ይቆጠባል፤ በደረቅ ተራራ ላይ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ጎንደር ግን ለዚህ ሁሉ ሳትበቃ ዘመኑ አለፈ። በመጋቢት 1928 ዓ.ም. የኢጣሊያ ጦር ጎንደር የገባው በካምዮን ነው። ከአሥመራ በተከዜ አድርጎ፥ ገደሉን ጠምዝዞ፥ በደባርቅና በዳባት ወደ ጎንደር የሚወርደው መንገድ በእነዚያ የወረራ ዓመታት ተሠራ፤ ያ ገደል ሲፈለጥ የደከመውና የሞተው ሰው ብዙ ነው። መንገዱ ከተከፈተ በኋላ በዚያ ደጋ ላይ ሐዲድ ለመዘርጋት የሚያስብ አልተገኘም። የጎንደርም ሰው ከበቅሎ ወርዶ ባቡር ሳይሳፈር ወደ መኪና ተሻገረ። የጎንደር የኢጣሊያ ጦር ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. እጁን ከሰጠ በኋላም የደጋው ጭነት በዚያው የመኪና መንገድ መመላለሱን ቀጠለ።

እንግዲህ እስካሁን የተናገርነው እነዚህ ከውጭ አገር ተሠርተው የመጡ ባቡሮች እንዴት እንደ መጡ ነው። እንዴት ይቆያሉ የሚለው ደግሞ ሌላ ነገር ነው፤ በእኔ አሳብ ከሁሉ የሚከብደውም እርሱ ነው።

የጎንደር ሰው ግንብ ስለ መጠበቅ የሚያውቀው አለ። የፋሲል ግቢ በጥቅምት 1972 ዓ.ም. በዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል፤ ግንቡ ሲሰነጠቅ ይጠገናል፤ ኖራው ሲረግፍ ይመረጋል። ግንብ ሰው ባይኖርበትም ግንብ ነው። የእንፋሎት ባቡር ግን እንዲህ አይደለም። በአደባባይ አቁመው ቀለም ቢቀቡት፥ ከውጭ ያማረ ሆኖ ሳለ ከውስጥ ይበላል፤ በማፍሊያው ውስጥ የቀረ ጥቂት ውኃ ቱቦዎቹን ያዝጋቸዋል። እንዲሄድ ቢፈልጉ ደግሞ ሥራው ብዙ ነው። እሳቱ ከመነሻው ሰዓት እጅግ ቀድሞ ይጫራል፤ ማፍሊያው ቀስ ብሎ ካልሞቀ ብረቱ በእኩል ስለማይሰፋ መጋጠሚያው ያፈሳል። ማፍሊያው በየጊዜው ይታጠባል፤ ያረጁት ቱቦዎች ተነቅለው በአዲስ ይተካሉ፤ ደግሞም ከሚሠራበት በሚበልጥ ግፊት በውኃ ተሞልቶ ይፈተናል፤ ይህ ካልተደረገ ማፍሊያው ሊፈነዳ፥ ነጂውንና እሳት ማጋጁን ሊገድል ይችላል። መለዋወጫ የሚሸጥ ፋብሪካ የለም፤ የተሰበረው ነገር በሥዕሉ መሠረት ቅርጹ ተበጅቶ፥ ብረት ቀልጦ፥ በመቅረጫ መኪና ተስተካክሎ እዚያው ይሠራል። ስለዚህ የሚጠበቀው ባቡሩ ብቻ ሳይሆን ቀጥቃጩ፥ ቀራጩ፥ ነጂው፥ የእሳቱን መልክ አይቶ የእንፋሎቱን ልክ የሚያውቀው ሰው ጭምር ነው።

ይህን ነገር በፈቃደኞች እጅ አስቀድመው የሠሩት በዌልስ አገር ነው፤ የታሊስሊን ጠባብ ሐዲድ ሊዘጋ ሲል በ1943 ዓ.ም. ወዳጆቹ ተሰብስበው ያለ ደመወዝ ማስኬድ ጀመሩ። በሕንድ አገር ከተራራው ግርጌ እስከ ዳርጂሊንግ የሚወጣው የ61 ሴንቲ ሜትር ሐዲድ በ1992 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ ትንንሾቹ ሳቢዎቹ መጀመሪያ የመጡት ከብሪታንያ ነው። በማንቸስተር ተሠርተው በደቡብ አፍሪካ ጠባብ ሐዲድ ላይ ሲያገለግሉ የኖሩ ባቡሮችም ወደ ዌልስ ተወስደው በዚያ ተራራ መሥራት ጀምረዋል። ባለቤቱ የጣለውን ሌላው አንሥቶታል።

ለእኛ የሚቀርበው ምሳሌ ግን የአሥመራው ነው። ያ ሐዲድ በ1960ዎቹ ዓመታት ማብቂያ በጦርነቱ ምክንያት ተዘጋ፤ ሐዲዱና የብረት አግዳሚዎቹ ተነቅለው ለምሽግ መሥሪያ ዋሉ። ከኤርትራ ነፃነት በኋላ፥ በ1980ዎቹ ዓመታት አጋማሽ፥ መሥመሩን የመመለስ ሥራ ሲጀመር ለውጭ ኩባንያ አልተሰጠም። ጡረታ የወጡት የባቡር ሠራተኞች ተጠሩ፤ ብዙዎቹ ዕድሜያቸው ከ70 ዓመት ያለፈ ሽማግሌዎች ነበሩ። ሐዲዱ ከየምሽጉ ተለቅሞ መጣ፤ ሽማግሌዎቹም ወጣቶችን ይዘው ማፍሊያውን ከፈቱ፥ ቱቦውን ለወጡ፥ የጎደለውን በአሥመራ ወርክሾፕ ቀርጸው ሠሩ። በ1995 ዓ.ም. ባቡር እንደ ገና ከምፅዋ አሥመራ ወጣ። ሥራው አሥር ዓመት ዘግይቶ ቢጀመር ኖሮ ስንቶቹ አስተማሪዎች ይገኙ ነበር? ሐዲዱ ከምሽግ ይገኝ ነበር፤ ሰዎቹ ግን አይገኙም።

ይህ ጥያቄ ወደ ድሬ ዳዋ ይመልሰናል። በድሬ ዳዋ የቀድሞው የባቡር ኩባንያ ወርክሾፕ ከመቶ ዓመት በላይ የአገሪቱ የብረት ሥራ ትምህርት ቤት ሆኖ ኖሯል። መቅረጫው፥ መብሻው፥ ማቅለጫው፥ የፈረንሳይኛው መዝገብና ሥዕል በዚያ ተከማችቷል፤ ሸሚን ደፈር የሚለው ስም፥ ለገሐር የሚለው ስም፥ ፉርጎ የሚለው ስም ሁሉ ከዚያ ሥራ የወጡ ቃላት ናቸው። የአሮጌው መሥመር አገልግሎት በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት እየደከመ ከአዲስ አበባ በኩል ቆመ፤ በ2009 ዓ.ም. መባቻ አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ተመረቀ። አዲሱ መምጣቱ መልካም ነው፤ አሮጌው ሸቀጥ ለማመላለስ እንዲመለስ የሚመኝ ሰው አይኖርም። ድኻ አገር ለትዝታ ብሎ ከሰል ያቃጥል ወይ የሚልም አለ፤ ይህም ተቃውሞ ክብደት አለው፤ አንድ የእንፋሎት ባቡር ማስኬድ ከሚያስገባው ገንዘብ ይልቅ የሚያስወጣው ሊበልጥ ይችላል። ነገር ግን በመጀመሪያ የሚያስፈልገው ከሰል አይደለም። መጀመሪያ የሚያስፈልገው ሥዕሎቹን ከምስጥ ማዳን፥ መኪናዎቹን በስማቸውና በተሠሩበት ዓመት መመዝገብ፥ የቀሩትን ሽማግሌ ሠራተኞች ቃል መጻፍ፥ ከእጃቸውም ሥራውን የሚማሩ ልጆች መስጠት ነው። ይህ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ቶሎ መጀመርን ነው፤ የድሬ ዳዋ ሽማግሌዎችም ከአሥመራዎቹ በዕድሜ አያንሱም።

ለጎንደር ሰው ደግሞ አንድ ነገር እንጨምር። በ2000ዎቹ መጀመሪያ የወጣው የብሔራዊ የባቡር መረብ ዕቅድ ከወረታ ተነሥቶ በአዘዞ አልፎ ወደ መተማ የሚወርድ መሥመር ነበረበት፤ መሥመሩ እስካሁን አልተሠራም። ቢሠራ ስፋቱ እንደ አዲሱ የጅቡቲ ሐዲድ 143 ሴንቲ ሜትር ከግማሽ ይሆናል፤ ከድንበሩ ማዶ ገዳሪፍ የደረሰው የሱዳን ሐዲድ 106 ሴንቲ ሜትር ከ7 ሚሊ ሜትር ነውና፥ ሁለቱ በመተማ ሜዳ ቢገናኙ ጭነቱ ከአንዱ ፉርጎ ወርዶ በሌላው ፉርጎ እንደ ገና መጫን አለበት።